ለቤት ባለቤቶች ደብዳቤ ልኮ ቤት የገዛ ሰው አለ? የዕቁብ ገንዘቤን ልከፍል ነው

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ፦

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሰባት ዓመት ኡበር ነድቻለሁ። ባለፈው ወር ዕቁብ ደረሰኝ፤ 9 ሺህ ዶላር። ቤት ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ። ለግዢው ገንዘብ አብሮኝ የሚያወጣ የአጎቴ ልጅ አለ። የቸገረኝ ቤቱን ማግኘት ነው። ገበያ ላይ የወጣ ቤት ለማየት ስሄድ ሁልጊዜ ከእኔ በፊት አስር ሰው ዋጋ አቅርቧል።

አንድ ጓደኛዬ «ገበያ ላይ ላልወጡ ቤቶች ባለቤቶች ፖስትካርድ ላክ፣ መሸጥ የቸኮለ ሰው ራሱ ይደውልልሃል» አለኝ። ማተሚያ ቤት ጠየቅኩ። 6 ሺህ ፖስትካርድ፣ መላኪያውን ጨምሮ፣ 4 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። «ቤትዎን በካሽ እንገዛለን» የሚል፣ ትልልቅ ፊደል ያለው። ሰኞ ልከፍል ነው። ከመክፈሌ በፊት የሠራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ። በእውነት ይሠራል? ለማን ነው የሚላከው? ደግሞ ለሐበሻ የቤት ባለቤቶች በአማርኛ ብጽፍላቸውስ? ባለቤቴ በገንዘቡ ነገር እንቅልፍ አጥታለች፣ እኔም እንደዚያው።

ላንዶቨር፦

ወንድሜ፣ ሰኞ አትክፈል። መጀመሪያ ይህን አንብብ።

እኔ በ2018 አንተ ልታደርገው ያሰብከውን አድርጌዋለሁ። 5 ሺህ ፖስትካርድ በአንድ ቀን ላክሁ። 3 ሺህ ዶላር ገደማ ወጣብኝ። ሃያ ሦስት ሰው ደወለ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የደወሉት «ስሜን ከዝርዝርህ አውጣ» ሊሉኝ ነው። ሌሎቹ ቤታቸው ስንት እንደሚያወጣ ለማወቅ ፈልገው ነው። አንድም ቤት አልገዛሁም። ከሁሉ የከፋው ግን ለሁለተኛ ዙር የሚሆን ገንዘብ አለመትረፉ ነበር።

ሰው በመጀመሪያው ደብዳቤ ቤቱን አይሸጥም። እስቲ አስበው። ሰውየው የሚኖረው ሰሜን ካሮላይና ነው። እናቱ እዚህ ዲስትሪክት ሃይትስ ሞተች፣ ቤቷ ቀረ። መጀመሪያ ሐዘኑ አለ። ከዚያ ከእህቱ ጋር መስማማት አለበት። ከዚያ ክረምት ላይ ቧንቧው ይፈነዳል። በጋ ላይ ሣሩ አደገ ተብሎ ቅጣት ይመጣል። የንብረት ግብሩ ይመጣል። ይሄ ሁሉ ዓመት ይፈጃል። ሰውየው «በቃኝ፣ ይሸጥ» የሚልበትን ቀን አንተ አታውቀውም፣ እሱም አያውቀውም። ስለዚህ ያ ቀን ሲመጣ ስልክህ እጁ ላይ እንዲገኝ ደጋግመህ መጻፍ አለብህ። ለ6 ሺህ ሰው አንድ ጊዜ ከመጻፍ ለ300 ሰው ስድስት ጊዜ መጻፍ ይሻላል። ቴምብሩን በ2025 በወጣው ዋጋ፣ በ78 ሳንቲም፣ አስላው። 300 ደብዳቤ 234 ዶላር፣ ስድስት ዙር 1,404 ዶላር። ወረቀቱንና ፖስታውን ጨምርበት። ከዕቁብህ ላይ ብዙው ይቀርልሃል ማለት ነው።

አሁን ለማን ለሚለው። ሁሉ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንተ ኡበር ነጂ ነህ። ለዚህ ሥራ ከአንተ የተሻለ ሰው አላውቅም። እኛ ቤንዚን ከፍለን የምንዞረውን አንተ እየተከፈለህ ትዞረዋለህ። ሱትላንድ፣ ካፒቶል ሃይትስ፣ ሃያትስቪል ሰው ስታደርስ ግራና ቀኙን እይ። የፖስታ ሳጥኑ ሞልቶ የፈሰሰ ቤት። ጣራው ላይ ሰማያዊ ሸራ የተወጠረበት። በሩ ላይ የካውንቲ ወረቀት የተለጠፈበት። በረዶ በጣለ በሦስተኛው ቀን ደጁ ላይ የእግር ዱካ የሌለበት። ዳር ይዘህ ቆመህ አድራሻውን ጻፍ። በቀን አራት ቤት ብታገኝ በሦስት ወር 300 ትሞላለህ።

ማታ ቤትህ ስትገባ የሜሪላንድ የንብረት ግምትና ግብር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ግባ። እኛ «ኤስዳት» ነው የምንለው። በነጻ ነው። አድራሻውን ስታስገባ የባለቤቱ ስም፣ ደብዳቤ የሚደርስበት አድራሻ፣ ቤቱ መቼና በስንት እንደተገዛ ይወጣል። «ፕሪንሲፓል ሬዚደንስ» የሚል መስመር አለ። እዚያ «ኖ» ካለ ባለቤቱ ዋና መኖሪያው አላደረገውም ማለት ነው። የደብዳቤ አድራሻው ሌላ ስቴት ከሆነ፣ ቤቱም ከተገዛ ሰላሳ ዓመት ካለፈው፣ ያንን ቤት ከላይ አስቀምጠው።

ፖስታ ቤቱ «ኤቭሪ ዶር ዳይሬክት ሜይል» የሚል ርካሽ አገልግሎት አለው። ስም ሳይጻፍ አንድ ሰፈር ውስጥ ላለ ቤት ሁሉ ያድላል። ፒዛ ቤት ለከፈተ ሰው ጥሩ ነው። ለአንተ አይሆንም፤ አንተ የምትፈልገው ባለቤት እዚያ ቤት ውስጥ የለም። የማስታወቂያ ታሪፉ ማለትም «ማርኬቲንግ ሜይል» ደግሞ ቢያንስ 200 ፍሬ ይጠይቃል፣ ዋጋው ይቀንሳል። ግን ባለቤቱ ከዚያ ከለቀቀ ደብዳቤህ ተከትሎት አይሄድም፣ ወደ አንተም አይመለስም፣ እዚያው ይጣላል። በመደበኛው የደብዳቤ ቴምብር፣ «ፈርስት ክላስ» ላክ። ሰውየው አድራሻ ከቀየረ ዓመት ካልሞላው ደብዳቤውን አዲሱ ቤቱ ድረስ ይወስዱለታል። ካልተገኘ ይመልሱልሃል።

የተመለሰውን ደብዳቤ እንዳትጥለው። ይህን ለመማር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ደብዳቤው ሲመለስ ፖስታው ላይ ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት አለ። «ሪተርን ቱ ሴንደር» ይላል፣ ሥሩ ምክንያቱ አለ። አንዳንዴ «ቬካንት» ይላል። ፖስተኛው ራሱ፣ በየቀኑ እዚያ በር ላይ የሚደርሰው ሰው፣ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ነገረህ ማለት ነው። እኔ በፊት እነዚህን ጠቅልዬ እጥል ነበር። አሁን ጫማ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ በአንድ ባለቤቶቹን እፈልጋለሁ። እስከዛሬ ከገዛኋቸው አምስት ቤቶች ሁለቱ ከዚያ ሳጥን የወጡ ናቸው።

አንድ ከባድ ነገር ልንገርህ። መጀመሪያ ላይ የስም ዝርዝር ከአንድ ድርጅት ገዝቼ ነበር። አንድ ቀን ማታ አንዲት ሴትዮ ደወለች። «ባሌ ከሞተ አምስት ወሩ ነው፣ አንተ አሁንም ትጽፍለታለህ» አለችኝ። ሦስት ደብዳቤ ነው የላክሁት፣ ሦስቱም በሟቹ ስም። ታለቅስ ነበር። እኔም የምለው ጠፋኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ስሙን ሰረዝኩ፣ ያን ሌሊት ግን አልተኛሁም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ዕቃ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የሆንኩት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ስም ከመላኬ በፊት የሜሪላንድ የኑዛዜና ውርስ መዝገብ ቤት ድረ ገጽ ላይ አያለሁ። «ሬጅስተር ኦቭ ዊልስ» ይባላል፣ ፍለጋው ነጻ ነው። ሰውየው ሞቶ የውርስ ፋይል ከተከፈተ ንብረቱን እንዲያስተዳድር የተሾመው ሰው ስም እዚያ አለ። ደብዳቤው የሚጻፈው ለዚያ ሰው ነው። ያውም ሐዘኑ ትንሽ ከበረደ በኋላ። እኔ ስድስት ወር እጠብቃለሁ። የሚቀድመኝ ካለ ይቅደመኝ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የእኔ በአማርኛ ሲነገር እንዲህ ነው፦ «ስሜ እገሌ ነው። ከእርስዎ ቤት አስር ደቂቃ ርቆ እኖራለሁ። በእገሌ ጎዳና ያለውን ቤትዎን በመንገዴ አየሁት። መሸጥ ካሰቡ ልገዛው እፈልጋለሁ። እኔ ደላላ አይደለሁም፤ ገዝቼ፣ አድሼ የምሸጥ ሰው ነኝ። ካላሰቡ ይቅርታ፤ ደውለው አትጻፍልኝ ካሉኝ ሁለተኛ አልጽፍም።» በቃ። ስልክ ቁጥርና ስም። በእጅ የተጻፈ አድራሻ፣ እውነተኛ ቴምብር። «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚል ወይም የመንግሥት ወረቀት የሚመስል ነገር የሚልኩ አሉ። አሮጊት ያስደነግጣል። እንዳታደርገው።

ስልኩን ደግሞ ራስህ አንሳ። አንዲት ሴትዮ አራተኛው ደብዳቤ ከደረሳት በኋላ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። እናቷ የሞተችበት ቤት ነው። አራቱንም ደብዳቤ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር። ከደወለችላቸው አራት ሰዎች ማሽን ሳይሆን ሰው ያነሳላት እኔን ብቻ ነው አለች። ቤቱን ሳይ ፍሪጁ ላይ የእናቲቱ የመድኃኒት ሰዓት የተጻፈበት ካላንደር አሁንም ተለጥፎ ነበር። ማክሰኞና ዓርብ በቀይ ተከቧል፣ የኩላሊት እጥበት ቀኗ ነው። ልጅቱ ካላንደሩን እያየች ቆመች። እኔም ዝም ብዬ ቆምኩ። የዚያን ቀን ስለ ዋጋ አላነሳሁም።

በሳምንቱ አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥር ጻፍኩላት። ቤቱ ታድሶ በወኪል ቢሸጥ 350 ሺህ አካባቢ። እንዳለ በወኪል ቢሸጥ 240 ሺህ ሊደርስ ይችላል፣ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ኮሚሽንም አለበት። እኔ፣ ዕቃውን ሳታወጪ፣ ሳታጸጂ፣ በሦስት ሳምንት 205 ሺህ። በእኛ ሥራ የታወቀው ስሌት ታድሶ ከሚሸጥበት 70 በመቶውን ወስደህ እድሳቱን መቀነስ ነው። እድሳቱ 70 ሺህ ስለነበር በዚያ ስሌት 175 ሺህ ነው የሚሆነው። ያን ያህል ዝቅ ማለት አልፈለግኩም። ግብር ያስፈራት ነበርና የሒሳብ ባለሙያ እንድትጠይቅ ነገርኳት፤ በውርስ የተገኘ ቤት ለግብር የሚሰላው እናትየው ከሞተችበት ቀን ዋጋ ተነስቶ ነው። ጠይቃ መጣች፣ የምትከፍለው ነገር አልነበረም። ሁለት ቀን አሰበችና «ላንተ ነው የምሸጠው» አለች። ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 31 ሺህ ዶላር ቀረልኝ። የሚቀጥለውን ቤት ያገኘሁት በእሷ የቤተ ክርስቲያን እህት በኩል ነው፣ ያለ ምንም ደብዳቤ።

ለሐበሻ በአማርኛ ልጻፍ ላልከው፣ አይሆንም። አንድ ጊዜ ለአስራ አንድ ሰው ጽፌ ነበር። የደወሉት ሁሉ የጠየቁኝ «ስሜን ማን ሰጠህ? የማን ልጅ ነህ?» ነው። የእኛ ሰው ቤቱን በሁለት ሥራ ነው የገዛው። «ቤትህን ሽጥልኝ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ሰው ጉዱን ያወቀበት ይመስለዋል። በዕድር በኩል፣ በቤተ ክርስቲያን በኩል ሥራህን ይወቁ። ያኔ የሚሸጥ ሰው ራሱ ይፈልግሃል።

የአሌክሳንድሪያዋ፦

እኔ ገዢ አይደለሁም፤ ደብዳቤው የሚደርሰኝ ሰው ነኝ። ሳምንት አያልፍም። አባቴ ካረፉ በኋላ ደግሞ ባሰ። ላንዶቨር እውነቱን ነው የነገረህ ወንድሜ። የሚያብረቀርቀውን ካርድ ከፖስታ ሳጥኑ ወደ ቆሻሻ ነው የምወስደው፣ ቤት እንኳ አይገባም። በእጅ የተጻፈውን ግን እከፍተዋለሁ። አንዱ የቤታችንን ፎቶ ከነአባቴ መኪና አትሞ ላከ። እናቴ «ማነው ደጃችን ቆሞ ፎቶ የሚያነሳው?» ብላ ሁለት ሳምንት መጋረጃ ዘግታ ተቀመጠች። እባክህ ፎቶ አትላክ። ደግሞም አትጻፍልኝ ላለህ ሰው በእውነት ሁለተኛ አትጻፍ። አንዱን ሦስት ጊዜ ለምኜዋለሁ፣ አሁንም ይልካል።

ወኪሏ፦

ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃድ ያለኝ የቤት ሽያጭ ወኪል ነኝ። ወንድማችን ላንዶቨር ላለው የምጨምረው አለኝ።

ብዙ ጀማሪ መጀመሪያ የሚገዛው ፎርክሎዠር ውስጥ የገቡ፣ ማለትም የቤት ዕዳ ባለመክፈላቸው ባንክ ቤታቸውን ሊሸጥባቸው የጀመረ ሰዎችን ዝርዝር ነው። አንተ እዚያ አትጀምር። ሜሪላንድ ፎርክሎዠር ውስጥ የገባ ወይም የቤት ክፍያ ያቋረጠ የቤት ባለቤትን የሚጠብቅ ጥብቅ ሕግ አላት። በተለይ «ቤቱን በስሜ አዙረውና እዚያው ኑር፣ በኋላ መልሰህ ትገዛለህ» የሚለው ነገር ክልክል ነው። ከጠበቃ ጋር ሳትነጋገር ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ውል እንዳታቀርብ።

ሁለተኛ፣ ውል ከተፈራረምክ በኋላ ራስህ ሳትገዛ ውሉን ለሌላ ገዢ ልትሸጥ ካሰብክ ያንን ለሻጩ በጽሑፍ መንገር አለብህ። ካልነገርክ ሻጩ ከክሎዚንግ፣ ማለትም ከመጨረሻው ፊርማና ርክክብ፣ በፊት ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። ቨርጂኒያ ከተሻገርክ ሌላ ሕግ ነው፣ ዲሲም እንደዚያው።

«ደብዳቤው ስላልሠራ ቴክስት ልላክ» የሚልም አለ። ያለ ፈቃድ በጅምላ የሚላክ ቴክስት በአንድ መልእክት ከ500 እስከ 1,500 ዶላር ሊያስከስስህ ይችላል። ደብዳቤ ያ ችግር የለበትም።

ስምን በትውልድ አገር እየለዩ ለቅሞ መላክ በቤት ጉዳይ አድልዎን ከሚከለክለው፣ በ1968 ከወጣው የፌር ሃውዚንግ ሕግ ጋርም ሊያጋጭህ ይችላል። ላንዶቨር በሌላ ምክንያት ነው የመከረህ፣ ምክሩ ግን ልክ ነው።

በአንድ ነገር አልስማማም። ለሴትዮዋ ሦስቱን ቁጥር መጻፉ በጣም ጥሩ ነው፤ እኔ የማውቃቸው ገዢዎች ይህን አያደርጉም። ግን «ከወኪልም ጋር ተነጋገሪ» ብሎ ሦስት ስልክ ቁጥር ቢሰጣት ይሻል ነበር። በ205 ሺህና በ240 ሺህ መካከል ያለው ገንዘብ ለእሷ ቤተሰብ ትንሽ አይደለም።

ላንዶቨር፦

እህቴ፣ ልክ ነሽ። ሴትዮዋ የእህቷ ልጅ ወኪል ስለነበረች እሷን ጠይቃ ነበር፣ ያንን ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። ዘመድ ለሌለው ሰው ግን አንቺ እንዳልሽው ቁጥር መስጠት አለብኝ። ከዛሬ ጀምሮ አደርገዋለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እህቶቼም እንደዚሁ። ሰኞ አልከፈልኩም። ለባለቤቴ ሁሉንም አነበብኩላት። «የእጅ ጽሑፌ ካንተ ይሻላል፣ ፖስታውን እኔ እጽፋለሁ» አለችኝ።

ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። 71 አድራሻ ጽፌያለሁ። ኤስዳት ላይ ሳያቸው 40ው ባለቤቱ የማይኖርበት ነው። አንዱ ቤት ግን ግራ አጋባኝ። ላንዶቨር ሂልስ አካባቢ ነው፣ ባዶ መሆኑን ጎረቤቱ ነገረኝ። የቤቱ ባለቤት የነበረችው ሴት ከአራት ዓመት በፊት አርፋለች። መዝገብ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ፈለግኩ፣ በስሟ ምንም ፋይል የለም። ቤቱ አሁንም በእሷ ስም ነው። ልጇ ባልቲሞር እንደሚኖር ጎረቤቱ ያውቃል። ለማን ልጻፍ?

ላንዶቨር፦

እንዲህ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ አንተ አትዝለለው። ፋይል አልተከፈተም ማለት ልጁ ቢፈልግ እንኳ አሁን መሸጥ አይችልም። ንብረቱን እንዲያስተዳድር በሕግ የተሾመ ሰው ከሌለ የሚፈርም የለም፣ የቤቱን ባለቤትነት አጣርቶ ሽያጩን የሚያስፈጽመው ታይትል ካምፓኒም አይቀበልም። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። ከየት እንደሚጀመር የሚነግራቸው ሰው የለም።

ለልጁ ጻፍለት። በመጀመሪያው ደብዳቤ «ልግዛ» አትበል። የእናቱ ቤት በእሷ ስም እንዳለ በመንገድህ እንዳየህ፣ አፐር ማርልቦሮ ያለው መዝገብ ቤት ሄዶ የውርስ ፋይል ማስከፈት እንደሚችል፣ ሲሄድ የሞት የምስክር ወረቀቱንና ኑዛዜ ካለ ዋናውን ይዞ እንዲሄድ ጻፍለት። ስምህንና ስልክህን ከታች። የኋላ በሩ ክፍት መሆኑን ወይም ጣራው ማፍሰሱን ካየህ ያንንም ንገረው፣ ማወቅ አለበት።

ፖስታውን ባለቤትህ ትጻፈው። ከተመለሰ ቢጫው ላይ ያለውን አንብበህ እዚህ ጻፍልኝ።